ጠጋ በሉለት

ጅማ ውስጥ የአንድ ሮክ ባንድና የአንድ ራፐር የጋራ ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ በወጣበት ምሽት፣ ከዝግጅቱ በፊት ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልኩትን ከሞላ ጎደል እንዳለ ጽፌዋለሁ፤ የደጋገምኩትንም አልቀነስኩም።

እንደምን አመሻችሁ! አከም ጅርቱ! አሰላሙ አለይኩም!

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይህን ዝናብ ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። ገለቶማ! ከቆጪ በእግሩ የመጣ አለ፣ ከጅሬን የወረደ አለ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ የመጣችሁ ተማሪዎችም እዚያ ጥግ ላይ እያየኋችሁ ነው። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከድምፄ በላይ ከሆነ እጃችሁን አውጡልኝ፣ ቆም እላለሁ። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ስለ መሰማት ነው። የአንድ ሰው ቃል ከሌላው ሰው ጆሮ እንዲደርስ ምን ያስፈልጋል? እሱን ነው የማወራው።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቤዝ ጊታር የያዝኩ ሰው ነኝ። ቤዝ አራት ወፍራም ክር ያለው ጊታር ነው። ሠርግ ቤት ስትገቡ ከጆሯችሁ በፊት ሆዳችሁ ላይ የሚሰማችሁ እሱ ነው። ዛሬ ማታ የሚጫወቱት ልጆች ጥናት ሲያደርጉ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሰንብቻለሁ። «ጋሼ፣ ከእኛ በፊት ትንሽ ይናገሩልን» አሉኝ። እነሱ ለምነውኝ እንዴት እምቢ እላለሁ?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው፣ ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ እንዳልሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ባንድና ራፐር አብረው ሲሠሩ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴትስ እንደሚበላሽ ነው። ሦስተኛው ስለ ስምና ስለ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ላይ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ። ዓመታቱን ስጠራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እሺ፣ አንደኛው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ሮክና ራፕ ለጅማ ምኗ ነው?» አለኝ። በቅንነት ነው የጠየቀኝ፤ እኔም በቅንነት ልመልስለት። ሙላቱ አስታጥቄ የት ነው የተወለደው? ንገሩኝ እስቲ! ... አዎ፣ ጅማ! በ1943 እዚህ ተወለደ። ምሕንድስና ሊማር ወደ ዌልስ ሄዶ ሙዚቃ ያዘችው። ለንደን ተማረ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ ገባ። ኢትዮ ጃዝ ብሎ ዓለም ፊት ያቆመውን ነገር አስቡት። የእኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ናቸው። የፈረንጁ ሙዚቃ አሥራ ሁለት ድምፅ ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታስቀምጡ አሥራ ሁለቱ አምስቱን ይውጧቸዋል። የሙላቱ ድካም ሁሉ እንዳይውጧቸው ነበር። አሥራ ሁለት ሰው በሞላው አግዳሚ ላይ አምስት ሰው ሲመጣ በአገራችን ምን ይባላል? «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይባላል። ሙላቱ ያደረገው ይህንን ነው። አሥራ ሁለቱን ጠጋ ጠጋ አድርጎ አምስቱን አስቀመጠ።

ይህችን «ጠጋ በሉ» ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

በ2010 ናስ የተባለው የኒውዮርክ ራፐር ከሬጌ ዘፋኙ ከዴሚያን ማርሌይ ጋር አንድ አልበም አወጣ። «ዲስታንት ሪሌቲቭስ» ይባላል፤ ሩቅ ዘመዶች እንደማለት ነው። የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈን ክፈቱት። ከራፑ ሥር የሚሄደው ሙዚቃ የሙላቱ «የግሌ ትዝታ» ነው! የጅማ ልጅ ሙዚቃ ነው። እንግዲህ ራፕ ወደ ጅማ ሳይመጣ በፊት ጅማ ራፕ ቤት ገብታ ተቀምጣ ነበር ማለት ነው። ያ ወዳጄ እዚህ ካለ መልሴ ይኸው ነው።

አንድ ልጨምር፤ ይኼኛው ከሮክ ጋር ነው። ጌታቸው መኩሪያን ታውቁታላችሁ፣ ነፍሱን ይማረው። ሳክስፎኒስቱ። ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ሽለላ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሰውየው ከወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፣ ይፎክራል፣ ቃሉ ምት አይጠብቅም፤ ምቱ ነው እሱን የሚጠብቀው። ጌታቸው ያንን በሳክስፎን አለው። በ2004 ሆላንድ ውስጥ ዘ ኤክስ የተባለ የፓንክ ሮክ ባንድ ጋበዘው። ፓንክ ማለት ከሮክም ጩኸታሙ፣ ቸኳዩ ነው። አብረው ተጫወቱ፤ ጌታቸውም ቀጣዩን አልበሜን ከእናንተ ጋር ነው የምሠራው አላቸው። በ2006 «ሞአ አንበሳ» ወጣ፤ በ2012 ሌላ ደገሙ። አሁን ልብ በሉልኝ። እነዚያ ፓንኮች እሱን «የእኛን ዘፈን አጥና» አላሉትም። የእሱን አጠኑ! የአገራችንን የድሮ ዜማ፣ ሽለላውን ሁሉ፣ ቁጭ ብለው አጠኑ። ጊታራቸው እንደ ልማዱ ይጮሃል፤ ሳክስፎኑ ሊናገር ሲነሣ ግን ቦታ አለው።

ራፕ የእኛ ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ሰው ፉከራን፣ ቀረርቶን፣ የኦሮሞን ጌረርሳ ጠቅሶ «ራፕን እኛ ነን የፈጠርነው» ሲል እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ራፕ በ1970ዎቹ ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ የተወለደ የሌላ ሕዝብ ልጅ ነው፤ ለባለቤቱ እንተውለት። እኔ የምለው ሌላ ነው። ምት ላይ በሚወርድ ንግግር ራሱን የሚያቆም፣ ጀግንነቱንም በደሉንም በዚያ የሚናገር ሰው ሲነሣ የእኛ ጆሮ አይደነግጥም። ጌረርሳ ሲባል ያደገ ሽማግሌ ራፕ ሲሰማ ቋንቋው ይጠፋበት እንደሆነ እንጂ ነገሩ አይጠፋውም። የሮክ ጊታርም እንደዚያው ነው። ያ የሚሻክረው፣ የሚነዝረው ድምፅ «ረብሻ ነው» ይላሉ። በገናን ስሙት! የበገና አውታር ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ የሚገባለት ለምንድን ነው? እንዲነዝር ነው። ጥርት ያለውን ድምፅ ሆን ብለው አሻከሩት፤ ነፍስ የሚነካው እሱ ነዘር ነው። አባቶቻችን ኤሌክትሪክ ሳይኖራቸው ያንን ያውቁ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ።

ሮክ ባንድና ራፐር አብረው ሲሠሩ ሁሉም የሚጠቅሰው የ1986ቱን ነው። ኤሮስሚዝ የቦስተን ሮክ ባንድ ናቸው። በ1975 «ዎክ ዚስ ዌይ» የሚል ዘፈን አወጡ። ዘፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ ድራሙ ብቻውን ነው የሚገባው፤ ጊታር የለ፣ ዘፋኝ የለ። ኒውዮርክ ውስጥ ኩዊንስ በሚባለው ሰፈር ያሉ ልጆች ያቺን የድራም መክፈቻ ወደዷት። ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላ ይገዛሉ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ከመጀመሪያው ያስነሣሉ፤ ድራሙ ሳይቋረጥ ይሄዳል፣ እነሱ ራፕ ያደርጉበታል። ዘፈኑን ግን አያውቁትም! ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ሸክላውን ይመልሱታላ። ከእነዚያ ልጆች መካከል ናቸው ረን ዲ ኤም ሲ የተባሉት።

ሪክ ሩቢን የሚባል ወጣት ፕሮዲውሰር «ዘፈኑን ሙሉውን ሥሩት፤ ከባለቤቶቹ ጋር ሥሩት» አላቸው። ግጥሙን ሲሰሙት አልወደዱትም፤ ለእነሱ ባዕድ ነበር። የኤሮስሚዝ ስምም በዚያ ጊዜ ቀዝቅዞ ነበር። ዘፋኙ ስቲቨን ታይለርና ጊታሪስቱ ጆ ፔሪ ወደ ስቱዲዮ መጡ። ተሠራ። በአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አራተኛ ደረጃ ደረሰ። የመጀመሪያው ቅጂ ከአሥረኛ አላለፈም ነበርና እንግዳው ባለቤቱን በለጠው ማለት ነው። ቪዲዮውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በአንዱ ክፍል ባንዱ ይለማመዳል፣ በጎረቤት ክፍል ራፐሮቹ። እርስ በርስ በድምፅ ይበጣበጣሉ፤ በመጨረሻ ታይለር በማይክ ዘንጉ ግድግዳውን ይበሳዋል።

ግድግዳ ማፍረሱን ሁሉም ያወራል። እኔ የምወደው ሌላውን ነው። ለምን ተስማማላቸው? እኔ እንደሚመስለኝ ቦታው ቀድሞ ስለነበረ ነው። ያ ዘፈን ገና ሲወለድ ድራም ብቻውን የሚናገርበት ባዶ ሜዳ ነበረው። ታይለርም በ1975 ሲዘፍነው ቃሉን እያንበለበለ፣ ለንግግር ቀርቦ ነበር። ራፐሮቹ የገቡት ክፍት በነበረ በር ነው። በሩ ባይኖር ምን ዓይነት ግድግዳ ቢፈርስ ቃላቸው አይሰማም ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ መጣ። በ1991 ራፐሮቹ ፐብሊክ ኤነሚ ከሮክ ባንዱ ከአንትራክስ ጋር ሠሩ። በ1993 «ጀጅመንት ናይት» የሚባለው ፊልም ሙዚቃ እያንዳንዱን ዘፈን ሮክ ባንድና ራፐር አጣምሮ አወጣ። ከሁሉም በፊት፣ በ1984፣ የራፑ ሰው አፍሪካ ባምባታና የፓንክ ሮክ ዘፋኙ ጆን ላይደን አንድ ሥራ ሠርተው ነበር። ያንን ያቀነባበረው ቢል ላስዌል ነው። ቢል ላስዌል ማን ነው? የእኛው ጃኖ ባንድ በ2012 ያወጡትን «ኤርታሌ»ን ፕሮዲውስ ያደረገው ሰው ነው! በአፋሩ እሳተ ገሞራ ስም የተሰየመውን የሮክ አልበም ማለቴ ነው። ዓለም ይህን ያህል ጠባብ ናት።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ይህን ለብዙ ሰው ተናግሬው አላውቅም።

ዓመታት ሆኖታል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን የምንለማመድ አራት ልጆች ነበርን፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ለብጠነው ነበር። ሮክ ከካሴት እየቀዳን እናጠናለን። አንድ ቀን አንድ ልጅ በር ላይ ቆመ፤ ቀጭን፣ ደብተር በብብቱ የያዘ። «ራፕ እጽፋለሁ» አለ። ግባ አልነው። ምንጣፉን አይቶ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ሁለት ወር አብሮን አጠና። ምን ሰጠነው መሰላችሁ? ከጊታሩ ሶሎ በፊት ስምንት ሜዠር። ስምንት! አንድ ሜዠር አራት ምት ነው፤ ስምንቱ ተደምሮ ሠላሳ ሁለት ምት ነው። በዚያችም ላይ አንዳችንም እጃችንን አላነሳንም። ጊታሩ እንደተከፈተ ነው፣ ድራሙ ሳህኑን እንደደበደበ ነው፣ እኔም ቤዙን እንደገዘገዝኩ ነው። ልጁ ከመሐል ቆሞ አፉ ይንቀሳቀሳል። ከፍ ባለ ቁጥር እኛም ከፍ እንላለን። «እንዴት ደስ ይላል!» እንባባላለን።

የዝግጅቱ ቀን እናቱ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት ተቀመጡ። ልጁ ወጣ፣ ስምንት ሜዠሩን አለ፣ ወረደ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዕቃ ስንሰበስብ እናቱ ወደ እኔ ቀረቡና እጄን ይዘው «የኔ ልጅ፣ ቅድም ልጄ ምን አለ?» አሉኝ።

ምን አለ? ሁለት ወር ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። አንድ ቃል አላውቅም! «ጥሩ ነገር ነው ያለው፣ እማማ» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ልጁ ከዚያ በኋላ ለጥናት አልመጣም። አልተጣላንም። ቅሬታ አልተናገረም። አልመጣም፤ በቃ።

ልጆቼ፣ የሙዚቃ ሰዎች፣ እስቲ አንድ ነገር አብረን እንሥራ። «ገና» በሉ። ላልታ ትነገር፤ ቆይ፣ አልደረሰም ለማለት። ... ጎሽ። አሁን አጥብቃችሁ በሉ፤ የታኅሣሥን በዓል፣ የልደትን። ... ሰማችሁ? ፊደሉ አንድ ነው። ልዩነቷ አንዲት «ና» ናት፤ ስትጠብቅና ስትላላ። «ዋና»ም እንደዚያው ነው፤ ላልቶ ወንዝ ውስጥ የምንዋኘው፣ ጠብቆ ዋነኛው። ኦሮምኛም የራሱ አለው። «ላፋ» አጥሮ ሲነገር መሬት ነው፣ ረዝሞ ሲነገር ለስላሳ ነው። እንግሊዝኛ ራፕ ላይ አንድ ድምፅ ቢዋጥ ሰሚው ገምቶ ይደርስበታል። የእኛን ቋንቋዎች ግን አንዲት ማጥበቅ፣ አንዲት ማስረዘም ከዋጣችሁባቸው ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ሰምና ወርቅ የሚቀመጠውስ የት ሆነና?

አሁን የጊታሩን ነገር ልንገራችሁ፤ ይህ ዕውቀት ነው፣ ስሜት አይደለም። ዲስቶርሽን ማለት ድምፁ ከአቅሙ በላይ ተገፍቶ ጫፉ ሲቆረጥ ነው። ሲቆረጥ አዳዲስ ድምፆች ይወልዳል፤ ይወፍራል፣ ይሰፋል፣ ክፍተት አይተውም። የሰው ጆሮ «ት»ን ከ«ጥ»፣ «ክ»ን ከ«ቅ» የሚለይበት ክልል በግምት ከ1,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ነው። የሻከረው ጊታር ቤቱን የሚሠራው በትክክል እዚያው ላይ ነው። የድራም ሳህን ደግሞ ከዚያ ከፍ ብሎ ይረጫል፤ «ስ»ንና «ሽ»ን ይበላል። ስለዚህ ሳውንድ ላይ ያለውን ልጅ «የራፐሩን ማይክ ጨምርለት» ብትሉት አይፈታም። ማይኩን ሲጨምር ጊታሩም በማይኩ ይገባል። መፍትሔው ያለው ጊታሪስቱ እጅ ላይ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከዓመታት በኋላ መናኸሪያ አገኘሁት። ወደ አጋሮ ሊሄድ መኪና ይጠብቃል። ረዳቱ «አጋሮ! አጋሮ! አንድ ሰው!» ይጮሃል። ሰላም ተባባልን፣ ስለ ኑሮ ተጠያየቅን፤ ከዚያ አላስቻለኝም። «ያን ቀን ምን ነበር ያልከው?» አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ዝም አለ። ከዚያ እዚያው ቆሞ፣ ድምፁን ሳያነሳ አለልኝ። ፈቅዶልኛልና ሁለቱን መስመር ልበላችሁ።

ልብስ ግዢልኝ ስላት፣ «ገና» አለችኝ እናቴ፤
በዓሉ መስሎኝ ቀን ስቆጥር፣ አለቀ ልጅነቴ።

... አዎ። አዎ፣ አጨብጭቡለት። ይገባዋል።

እናቱ ያሉት ላልቶ ነው፤ የለኝም ላለማለት፣ ቆይ ማለታቸው ነው። ልጅ ነውና አጥብቆ ሰማው። ለገና በዓል ነው የምትገዛልኝ ብሎ ቀን ቆጠረ። በዓሉ መጣ፣ ሄደ፣ እንደገና መጣ። ነገሩ ሁሉ በአንዲት «ና» ላይ ነው የቆመው። ያቺን «ና» እኔ ነኝ በቤዜ ሥር የቀበርኳት! እናቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ስለሳቸው ነበር። «ለምን ቤት ውስጥ አላልክላቸውም?» ብዬ ስጠይቀው «ቤት እንዴት ብዬ እነግራታለሁ፤ መድረክ ላይ እንድትሰማው ነበር የፈለግኩት» አለኝ። ረዳቱ ጠራው፤ ገባ።

እንግዲህ ከሁለት ወር በፊት እነዚህ ልጆች «ባንዳችን ከአንድ ራፐር ጋር ሊሠራ ነው» ብለው ሲመጡብኝ ምን እንደተሰማኝ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው። «ግጥሙን አንብባችሁታል?» አልኳቸው። ጊታሪስቱን፣ ድራመሩን፣ ኪቦርዲስቷን፣ እያንዳንዳቸውን ጠየቅኩ። አላነበቡም ነበር። ጊታር ሳይነካ ሦስት ቀን ሙሉ ግጥም ብቻ ተነበበ። ሦስት ቀን! ተነጫነጩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ድራመሩ ራሱ «ይህቺ ቃል ጋ እኔ ዝም ልበል» አለ። ማንም አላዘዘውም።

ከዚያ ክርክር መጣ። ራፐሩ የጻፈው በአራት ምት ነው። ድራመሩ ደግሞ ችክችካ ካልገባበት ሞቼ እገኛለሁ አለ፤ ችክችካ ስድስት ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው። አራቱ ላይ የተጻፈን ቃል ስድስት ላይ ስታስኬዱት አንዱ ቃል ይጎተታል፣ ሌላው ይረገጣል። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቁ። የፈታላቸው ሽለላ ነው። የመጀመሪያው አንጓ ላይ ምት የለም። ጊታሩ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ይቆማል፣ ልጁ እንደ ሸላይ በራሱ ትንፋሽ ይናገራል፤ ሲጨርስ ነው ምቱ የሚወድቀው። ሁለተኛው አንጓ በአራት ነው። ችክችካው አዝማቹ ላይ ይመጣል፤ ያኔ ባንዱ ይጩህ፣ ሕዝቡም ይጩህ።

ራፐሩም ዝም ብሎ አልተሰጠውም፤ እሱም ጠጋ ብሏል። ቃል ቀንሷል። ደብተሩ ላይ ካለው አንድ ሦስተኛውን ሰርዟል፤ የሰረዘውም መጥፎውን ብቻ አይደለም። የሚወደውን መስመር ሲሰርዝ ፊቱን አይቼዋለሁ። ጊታሪስቱ የመተንፈሻ ቦታ ሰጥቶት፣ እሱ ያንን ቦታ ሁሉ በቃል ቢሞላው ምኑ ተደመጠ?

የሮክ ባንዱ ሊንኪን ፓርክና ራፐሩ ጄይ ዚ በ2004 «ኮሊዥን ኮርስ»ን ሲያወጡ የሁለቱም የቆዩ ዘፈኖች ነበሩ። ዘፈኑ ተቀድቶ ያለቀ ነው፤ አንዱን በአንዱ ላይ መለጠፍ ይቻል ነበር። የባንዱ ማይክ ሺኖዳ ግን ፍጥነቱ ሲለወጥ አነጋገሩም መለወጥ አለበት ብሎ ድምፁን አዲስ እንዲቀዱ አደረገ። ከዚያ ሥራ ውስጥ አንዱ በ2006 ግራሚ አገኘ። ቤታችሁ ስትገቡ ስሙት። ጄይ ዚ ሲናገር ከኋላው ያለው ቀለል ያለ የኪቦርድ ዜማና ምት ነው። የባንዱ ዘፋኝ የቼስተር ቤኒንግተን ድምፅ ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። በዓለም ላይ ስንት ስታዲየም ያንቀጠቀጠ ባንድ ነው፤ እሱም ዝም ማለት ያውቃል።

ሦስተኛው አጭር ነው፤ ግን እንዳትረሱት።

«ፊቸሪንግ» የምትለዋን ቃል እጠረጥራታለሁ። ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማው ሲሠራ የነበረ፣ ሁለት ወር የደከመ ልጅ ስሙ ከኋላ በትንሽ ፊደል ይገባል፤ ገንዘቡ ሲመጣ ደግሞ «አንተ እንግዳ ነህ» ይባላል። እንግዳ አይደለም! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በጋራ የተፈጠረ ሥራ የፈጣሪዎቹ የጋራ ነው ይላል። ታዲያ ከመቅዳታችሁ በፊት ወረቀት ላይ አስፍሩት። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ድርሻው ስንት ስንት፣ ፊርማ። «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» አትበሉ። እናንተ የቡና አገር ልጆች ናችሁ። አባቶቻችሁ ከወንድማቸውም ጋር ሲሸጡ ጆንያው ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ፍቅራቸው አልቀነሰም። እነዚህ ልጆች ትናንት ፈርመዋል፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።

በቃኝ። ልጆቹም ከመጋረጃው ጀርባ እየጠበቁ ነው፤ ዝናቡም ጋብ ያለ መሰለኝ።

የራፐሩ እናት እዚህ አሉ። የት እንደተቀመጡ አልናገርም፤ እሱም እንዳይደነግጥ እሳቸውም እንዳያፍሩ። ሳውንድ ላይ ያለኸው ልጄ፣ የመጀመሪያው አንጓ ላይ እጅህን ከሚክሰሩ አንሳ፤ ምንም አትጨምር፣ ምንም አትቀንስ፣ እነሱ ያውቁበታል። በሩ ላይ የቆማችሁ፣ ለምን ትረጥባላችሁ? ግቡ፣ ግቡ። ፊት ያላችሁ፣ አግዳሚው ይበቃል፤ እባካችሁ ጠጋ ጠጋ በሉላቸው። ... እንደሱ። እዚያ ጥግ አንድ ሰው ይበቃል። ገለቶማ።

ልጆች፣ ውጡ።